የማን ልጅ ነህ?

በእስራኤል፣ በነታንያ ከተማ፣ ሐፍጺባ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ቤተ እስራኤላዊት ዘር ቆጣሪ ባልቴት ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ዘር ግን ይቆጥራሉ። የወገራውን፣ የደምቢያውን፣ የአምቦበሩን፣ ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እያሉ ሰባት ቤት ይወጣሉ፣ ሰባት ቤት ይወርዳሉ። ልጅ ሊድር ያሰበ ሰው አዳራሽ ከመያዙ በፊት እሳቸው ቤት ይመጣል። ቡና ይፈላል፣ ስም ይጠራል፣ ባልቴቷ ዐይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ይቆያሉ። ከዚያ ወይ «ይሁን፣ ይባረክ» ይላሉ፣ ወይ «በአምስተኛው ቤት ይገናኛሉ፤ እህቱ ናት» ይላሉ። እህቱ ናት ከተባለ አዳራሹም ቀረ፣ ሠርጉም ቀረ።

በዚያው ሰፈር ያደገች አንዲት ልጅ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የዘረመል ትምህርት ትማራለች። አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቷታል። ኮዴይን የሚባል የሕመምና የሳል ማስታገሻ አለ። መድኃኒቱ ብቻውን እምብዛም ኃይል የለውም፤ ጉበት ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው ሕመም የሚያበርደው። ለዋጩን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል ታዲያ በአንዳንድ ሰው ላይ ተደርቦ ይገኛል። የተደረበበት ሰው ጉበቱ ይቸኩላል፤ ለጎረቤቱ ልክ የሆነው መጠን እሱን ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል። «ይህ ድርብ ቅጂ በእኛ ሰዎች መካከል ስንት ይሆን?» ትላለች ልጅቷ። ማወቅ ፈለገች፤ ለማወቅ ደግሞ መቁጠር አለባት።

ጫፋቸው ላይ ጥጥ የተጠቀለለባቸው 50 እንጨቶችና 50 ብልቃጦች ይዛ ሽማግሌዎች ወደሚሰበሰቡበት ሞዓዶን ሄደች። ጠረጴዛ ዘረጋች፣ ወንበር ደረደረች፣ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። አንድ ሽማግሌ ብቻ በበሩ ሲያልፉ ቆም አሉና፣ «ከዚህ በፊት ደማችንን ሰጥተን ነበር፣ ልጄ» ብለዋት ሄዱ። ልጅቷ የምትመልሰው አጣች።

ወደ ቀትር ግን አንድ ባለ ብዙ ዘመድ ሰውዬ መጣ። ደግ ሰው ነው። ሠርግ ሲሆን ድንኳን የሚተክል እሱ፣ ለቅሶ ሲሆን ወንበር የሚያመላልስ እሱ። ልጅቷን ብቻዋን ተቀምጣ ሲያያት «አይዞሽ» አለና ስልኩን አወጣ። አባቱን ጠራ፤ እናቱን ጠራ። አራቱን ወንድሞቹንና እህቶቹን ጠራ። ሚስቱን፣ የሁለት ወንድሞቹን ሚስቶች፣ የእህቱን ባል ጠራ። ልጆቹን ሁሉ፣ የራሱንም የወንድም የእህቱንም፣ 11 ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ በመኪና እያመላለሰ አመጣ። ሲመሽ ከአንድ ቤት 22 ሰው ምራቁን ሰጥቶ ነበር። የእሱ ቤት ሲሰለፍ ያየ ጎረቤትም ልቡ ተከፈተና በማግስቱ ሌላ 28 ሰው መጣ። ሃምሳው ብልቃጥ አለቀ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ውጤት በታሸገ ፖስታ ደረሰው። ልጅቷ ድምሩን ይዛ ወደ ሞዓዶኑ ተመለሰች።

«ሰው ሁሉ የዚህ ዘረመል ሁለት ቅጂ አለው» አለች፤ «አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ ይወርሳል። 50 ሰው ስለዚህ 100 ቅጂ ነው። ከ100ው ቅጂ 32ቱ ድርቡ ናቸው።» ሰሌዳው ላይ 32 ብላ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት።

አዳራሹ ተንጫጫ። «ከሦስቱ አንዱ ማለት እኮ ነው!» አለ አንዱ። «እንግዲያማ መድኃኒቱን ከቤታችን እናውጣው» አለች ሌላዋ። ያን ቀን በበሩ ያለፉት ሽማግሌ ተነሡና፣ «ይህ ቁጥር ነገ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። የእነዚህ ሰዎች አካል ከሌላው ይለያል ይባልበታል» አሉ። ሰው ሁሉ ዝም አለ።

ዘር ቆጣሪዋ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ልጄ፣ 32 ያልሽው ማንን ቆጥረሽ ነው?» አሉ።

«እዚህ የመጡትን፣ እማማ።»

«የመጡትንማ አይቻለሁ። የማን ልጆች ናቸው?»

ልጅቷ መልስ አልነበራትም። ብልቃጦቹ ላይ የተለጠፈው ቁጥር እንጂ ዘር አልነበረም።

ባልቴቷ ሰፌድ አስመጡ። ከሹክ ገበያ የተገዛ ቀይ ቦሎቄ በአንድ ከረጢት፣ ነጭ ቦሎቄ በሌላ ከረጢት አስመጡ። «ውጤቱን ማሳየት የሚከፋው ካለ ይቅር» አሉ፤ «ያልከፋው ግን ይምጣና ሁለት ሁለት ፍሬ ያስቀምጥ። ድርቡ ቀይ፣ ሌላው ነጭ ይሁን።» አንድም የቀረ አልነበረም።

መጀመሪያ 28ቱ ጎረቤቶች መጡ። እያንዳንዱ ሁለት ፍሬ አስቀመጠ፤ ለእያንዳንዱም ያው ጥያቄ ቀረበለት፤ የማን ልጅ ነህ? የማን ልጅ ነሽ? አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ አለፈ። ሁለት ሴቶች ላይ ሲደርሱ ብቻ ባልቴቷ ቆዩ። አንደኛዋ በሱዳን በኩል እ.ኤ.አ. በ1984 የመጣች ናት፤ ሌላዋ ከአዲስ አበባ በ1991 በአውሮፕላን የመጣች። ተያይተው አያውቁም። «ቅድመ አያቶቻችሁ አንድ ናቸው» አሏቸው። ሴቶቹ እየተያዩ ሳሉ ልጅቷ ሒሳቡን ሠራችው፤ በቅድመ አያት የሚገናኙ ሁለት ሰዎች አንዱን ቅጂ ከዚያው ምንጭ የመጋራት ዕድላቸው ከ16 አንድ ነው። ባልቴቷ ጥቂት አሰቡና «ይቆይ፤ ግን ጻፊው» አሉ። 56ቱ ፍሬ ሰፌዱ ላይ ተቀመጠ፤ ከእሱም ቀዩ 9 ነበር።

ከዚያ የባለ ብዙ ዘመዱ ቤት መጣ። አዛውንቱ አባት ሁለት ቀይ አስቀመጡ። እናቲቱ አንድ ቀይ፣ አንድ ነጭ አስቀመጡ። ልጃቸው ደግሞ ደረቱን ነፍቶ ሁለት ቀይ አስቀመጠ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«አያውቁኝም እንዴ፣ እማማ? የእነዚህ የሁለቱ ነኛ!»

«እንግዲያው ፍሬህን አንሣ።»

ሰውዬው የሰማውን አላመነም። «እኔ ነኝ ሰዉን ሁሉ የጠራሁት። ምራቁ የራሴ ነው፤ ከማንም አልተዋስኩትም።»

«ምራቁስ ያንተው ነው። ፍሬው ግን አንዱ የአባትህ ነው፣ አንዱ የእናትህ። ሁለቱም እዚሁ ሰፌድ ላይ አሉ። ያንተን ብጨምር የእነሱን ደግሜ መቁጠሬ ነው።»

አዛውንቱ አባት ልጃቸው ሲቀላ አይተው አዘኑ። «የእኔን ያንሡና የእሱን ይተዉለት» አሉ።

«አይሆንም፣ አባ። እርስዎ ሁለት ፍሬ አለዎት፤ ልጅዎ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የወሰደው። እርስዎን አንሥቼ እሱን ባስቀር ያልወሰደውን ፍሬዎን አጣዋለሁ።»

ሰውዬው ሁለቱን ቀይ ፍሬዎች አንሥቶ ወደ ከረጢቱ መለሰ። አራቱ ወንድሞቹና እህቶቹም አስቀመጡ፣ ተጠየቁ፣ አነሡ። ሚስቱ ስትመጣ «የማን ልጅ ነሽ?» ተባለች። የጃናሞራ ሰው ናት፤ ሰባት ቤት ወጥተው ከማንም ጋር አላገናኟትም። «ያንቺ ይቀመጥ» አሏት። የሦስቱ ሌሎች ባለትዳሮችም ተቀመጠ። ከዚያ ልጆቹ በተራ መጡ። አንዲት ትንሽ ልጅ አንድ ቀይ፣ አንድ ነጭ ይዛ ቀረበች። ባልቴቷ ጎንበስ ብለው፣ «ቀዩ ከአባትሽ ነው፤ የአባትሽም ከአያትሽ። ነጩ ከእናትሽ ነው። አያትሽም እናትሽም እዚህ አሉ፤ አየሻቸው?» አሏት። አየቻቸው። ፍሬዎቿን ራሷ አንሥታ መለሰች። አሥራ አንዱም እንዲሁ አደረጉ።

ከአንድ ቤት 16 ሰው ፍሬውን አነሣ። 32 ፍሬ ተመለሰ፤ ከተመለሰው ውስጥ 19ኙ ቀይ ነበር። ልጅቷ የቀረውን ቆጠረች። ሰፌዱ ላይ 68 ፍሬ አለ፤ 13ቱ ቀይ ናቸው። ሰሌዳው ላይ ያለውን 32 አጥፍታ 19 ከመቶ ብላ ጻፈች። እንደገና ልታሰምርበት እጇን ስታነሣ ባልቴቷ ያዝ አደረጓት።

«ገና ነው። ከቋራ ማን አለ?»

ማንም የለም። የቋራ ሰዎች አብዛኞቹ ከሌላው ዘግይተው ነው የመጡት።

«ከላስታ? ከሽሬ በኩል?»

አንድ ሰው ብቻ እጁን አወጣ።

«እንግዲህ አስፍተሽ ሂጂ። ዶራ ሰፈርም ሂጂ፣ ቂሪያት ኖርዳው ሰፈርም ሂጂ። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ጥሪ። የት እንደሚኖሩ እኔ እነግርሻለሁ፤ የማን ልጆች እንደሆኑም እነግርሻለሁ።»

ልጅቷ ጽፋ ስትጨርስ ባለ ብዙ ዘመዱ ሰውዬ ገና በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። «እኔ ታዲያ ቤተሰቤን ለምን አመጣሁ?» አለ።

«አንተ ባትመጣ እነዚያ 28ቱ አይመጡም ነበር» አሉት ባልቴቷ። «የፖስታህን ወረቀት ደግሞ እንዳትጥለው። በቤትህ ቀዩ ብዙ ነው። ልጅህ ታሞ ሐኪም ቤት ስትወስደው መጀመሪያ የምታሳየው እሱን ነው።»

ሰውዬው ሁሉንም ፖስታዎች ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። በማግስቱ ልጅቷን በመኪናው ዶራ ያደረሳት እሱ ነበር።

ይህ ምሳሌ ነው። ባልቴቷም ልጅቷም፣ 32ቱም 19ኙም ለምሳሌው የተፈጠሩ ናቸው። ድርቡ ቅጂ ግን እውነት ነው። ሲዋይፒ2ዲ6 በሚባለው ዘረመል ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1996 በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው የ122 ኢትዮጵያውያንን ዘረመል መርምረው፣ ከመቶው 29ኙ ቢያንስ አንድ ድርብ ቅጂ እንዳላቸው አሳተሙ። በስዊድናውያን ዘንድ ይኸው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ብቻ የሚገኝ ነው።

29 ግን የሰው ቁጥር እንጂ የፍሬ ቁጥር አይደለም። ከሰው ወደ ፍሬ ለመድረስ መንገዱ በቀሩት በ71 ሰዎች በኩል ነው። እነዚህ ሁለቱም ፍሬያቸው ነጭ ነው። ሁለት ነጭ ለመያዝ ነጩ ከአባትም ከእናትም መድረስ አለበት፤ ስለዚህ የነጩ ድርሻ በራሱ ሲባዛ 0.71 መስጠት አለበት። 0.84 በ0.84 ሲባዛ ይህንኑ ያህል ይሆናል። ከመቶ ፍሬ 84ቱ ነጭ፣ 16ቱ ቀይ ናቸው ማለት ነው። ይህን መንገድ የካምብሪጁ የሒሳብ ሊቅ ሃርዲና የሽቱትጋርቱ ሐኪም ቫይንበርግ በ1908 በየፊናቸው ደርሰውበታል፤ የጄኔቲክስ ባለሙያዎችም ዛሬ የአሊል ድግግሞሽ የሚሉት ይህንኑ የፍሬዎቹን ድርሻ ነው። ስሌቱ የሚሠራው ግን ሰው ለትዳር ሲመራረጥ ያንን ዘረመል ሳያይ፣ ዘመድም ከዘመዱ ሳይጋባ ሲሆን ነው። ዘመድ ከዘመድ በሚጋባበት ቦታ ሁለት ቀይ ወይም ሁለት ነጭ የያዘ ሰው ከሚጠበቀው በላይ ይበዛል፣ ሒሳቡም ይዛባል። አያቶቻችን ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ስለ ሃርዲ የሰማ አልነበረም፤ ያም ሆኖ ስሌቱን ከዚህ ዓይነቱ መዛባት የሚጠብቅ ትዳር አቆይተውልናል። ይህን እውቀት የያዙ ሰዎች እያረጁ ነው፤ በነታንያም በሌላውም ከተማ ተቀምጦ የሚጽፍላቸው ሰው ያስፈልጋል።

የፍሬው ብዛትም ይታያል። 122 ሰው 244 ፍሬ ነው። 16 ከመቶ የሚለው ግምት በዚህ ብዛት ሲለካ ትክክለኛው ቁጥር ከ11 እስከ 21 ባለው መካከል ሊሆን ይችላል። በምሳሌው ሰፌድ ላይ በቀረው 68 ፍሬ ቢሆን ደግሞ 19 የተባለው ከ10 እስከ 28 ይንሸራተታል፤ ባልቴቷ ልጅቷ እንዳታሰምርበት የያዟት ያለ ነገር አይደለም። ከተለያየ ቤት የሚሰበሰበው ፍሬ በአራት እጥፍ ሲያድግ ይህ ስፋት በግማሽ ይጠባል። ከአንድ አባትና ከአንድ እናት የተወለዱ ሺህ ልጆች ቢሰለፉ ግን የሚቆጠረው ያው የአባትና የእናታቸው አራት ፍሬ ነው።

በበሩ ያለፉት ሽማግሌ የተናገሩትም አልተፈጠረም። በዚያው በ1996፣ በጃንዋሪ ወር፣ ማጌን ዳቪድ አዶም የተባለው የእስራኤል የአደጋ ሕክምናና የደም ባንክ ድርጅት ቤተ እስራኤላውያን የለገሱትን ደም ለዓመታት በድብቅ ሲያስወግድ መኖሩን ማዕሪቭ ጋዜጣ አጋለጠ። የተሰጠው ምክንያት ከኢትዮጵያ በመጡት መካከል ኤችአይቪ ከሌላው ይበዛል የሚል ነበር። ጃንዋሪ 28 ቀን በሺዎች የሚቆጠር ሰው በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ወጣ፤ ከፖሊስም ጋር ተጋጨ። በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴም ተቋቋመ። ደም ግን በየከረጢቱ የሚመረመር ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ከረጢት ስለ ራሱ መናገር ይችል ነበር። የአንድ ሕዝብ ድርሻ ተወስዶ በእያንዳንዱ ሰው ክንድ ላይ ተፈረደበት። ለወንድሙ ደም ሊሰጥ እጅጌውን የሰበሰበ ወታደር፣ ደሙ የት እንደ ደረሰ ያወቀው ከጋዜጣ ነው። ይህ ቁስል እስካሁን አልዳነም፤ ምራቅ ለመስጠት የሚያቅማማ ሽማግሌ ሲታይም ሊወቀስ አይገባውም።

ኮዴይንን በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕመምም ሆነ ለሳል ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጥ ከልክሏል። ክልከላው በዚያ ዕድሜ ላሉ ልጆች ሁሉ ነው፤ ሕዝብ ከሕዝብ አይለይም። ከመቶ ሰው 29 የሚለው ቁጥር አንድ ክሊኒክ ምን ያህል የዘረመል ምርመራ ማዘጋጀት እንዳለበት፣ ከኮዴይን ሌላ የትኛውን ማስታገሻ በመደርደሪያው ላይ ማብዛት እንዳለበት ይነግረዋል። ሕመም ይዞት ሐኪሙ ፊት የተቀመጠው አዋቂ ግን ከ29ኙ ይሁን ከ71ዱ፣ በቁጥሩ አይታወቅም። እሱን ለማወቅ አንድ ጥጥና አንድ ብልቃጥ ይበቃል።